የባርናክል እጭን ዝርያ መለየት፦ መጀመሪያ ዕድሜውን እወቁ

ባርናክል ከሸርጣን ጋር የሚዛመድ ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። ያደገው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ሲገኝ የቅርፊቱን ሰሌዳዎች አይቶ ዝርያውን መናገር ይቻላል። እጩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱ ደግሞ በመጠን ብቻ መፍረድ ነው። የአንዱ ዝርያ ትልቅ እጭ ከሌላው ትንሽ እጭ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የዝርያ ይመስላል፣ የዕድሜ ሆኖ ሳለ።

በመጀመሪያ ባርናክል መሆኑን አረጋግጡ። ኖፕሊየስ የሚባለው ዋናተኛ እጭ ከራሱ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ቀንድ አለው። የኮፔፖድ (ሌላ በውሃ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ እንስሳ) ኖፕሊየስ ይህ የለውም።

ቀጥሎ ደረጃው። ኖፕሊየስ ቆዳውን እየጣለ 6 ደረጃ ያልፋል፤ ከዚያ ሳይፕሪድ ይሆናል፣ መብላት ያቆምና የሚጣበቅበትን ቦታ ይፈልጋል። 1ኛው ደረጃ ላይ ቀንዶቹ ወደ ኋላ ታጥፈው ሰውነቱ ላይ ተኝተዋል፣ 2ኛው ላይ ወደ ጎን ይዘረጋሉ፣ 6ኛው ላይ ከመሃለኛዋ አንድ ዓይን ሌላ ጥንድ ዓይኖች ብቅ ይላሉ። የምታወዳድሩት እኩያን ከእኩያ ጋር ብቻ ይሁን።

አሁን እጩን በጀርባው አስተኙትና የላይኛውን ከንፈር፣ ላብረም የሚባለውን፣ በማይክሮስኮፕ እዩ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ነው። ጫፉ አንድ ወጥ ከሆነ ክታማለስ የሚባለውን የባርናክል ወገን ጠርጥሩ፤ ሦስት ቦታ ከተከፈለ ባላነስና ሴሚባላነስ ወደሚባሉት ወገኖች ሂዱ። የክታማለስ እጭ ጋሻ (ጀርባውን የሚሸፍነው ቅርፊት) ክብ ይላል፣ ጅራቱም አጭር ነው።

አስቸጋሪው በአንድ ወገን ውስጥ መለየት ነው። ክታማለስ ስቴላተስና ክታማለስ ሞንታጊ ሁለት ዝርያ ተብለው የተለዩት በ1976 ነው፤ ያደጉት እንኳ እስከዚያ እንደ አንድ ይቆጠሩ ነበር። እዚህ ጋ መጠን ይጠቅማል፣ በእኩያ ደረጃ የስቴላተስ እጭ ተለቅ ይላልና፤ ግን አንድ እጭ ለክታችሁ አትፍረዱ፣ ብዙ ለኩ፣ የእጅና የእግሮቹንም ፀጉር ቁጠሩ።

ከተቻለ ዝርያዋን ከምታውቋት እናት እንቁላል ወስዳችሁ አስፈልፍሉና ማነጻጸሪያ አድርጉት። ካልሆነም ዲኤንኤ አለ። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚጎዳ ለዚህ የምታስቀምጡትን እጭ በኤታኖል ያዙት፤ ምርመራው እጩን ስለሚያጠፋው ግን አስቀድማችሁ ከሆድም ከጀርባም ፎቶ አንሱት።