የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አራስ ቤት እንድትደርስ ገንዘብ እንዴት ይመደባል?

ዕድር፣ የልማት ማኅበር ወይም ውጭ ያለ የአካባቢ ተወላጅ «ጤና ኬላችንን እንርዳ» ሲል ቀድሞ የሚያስበው ደመወዝ መደጎም ወይም አልጋ መግዛት ነው። ሁለቱንም ተዉት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የመንግሥት ተቀጣሪ ናት፤ ደመወዟ ከወረዳ ይወጣል። የሚጎድለው ሥራ ማስኬጃው ነው። ድጎማ ከጀመራችሁ ባቆማችሁበት ወር ሥራውም ይቀዘቅዛል፤ የጎረቤት ቀበሌዋም «ለእኔስ?» ማለቷ አይቀርም።

መጀመሪያ ጉዞውን ቁጠሩ። ከ1,000 ሰው በዓመት 30 ገደማ ልጅ ይወለዳል ብለን ብናስብ፣ 5,000 ሰው ያለበት ቀበሌ 150 ልደት ይኖረዋል፤ በወር 12 ወይም 13። እናትና ልጅ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በ3ኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በ6ኛው ሳምንት መታየት አለባቸው። ጤና ጣቢያ የወለደች፣ ቶሎ ካላስወጧት፣ የመጀመሪያውን እዚያው ታገኛለች። በ6ኛው ሳምንት ሕፃኑ የፔንታቫለንትና የሮታ ክትባት ስለሚጀምር ራሷ ትመጣለች። የሚቀሩት ሁለቱ የቤት ጉዞዎች ናቸው፤ በወር 25 ገደማ።

ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «አንድ ጎጥ በአንድ ቀን ታዳርሳለች» ይባልና ጉዞው ለሦስት ይካፈላል። ልጆች ግን በቀጠሮ አይወለዱም። 3ኛው ቀን ሌላ አራስ እስክትገኝ አይጠብቅም፤ አንድ ጉዞ አንድ ቤት ብላችሁ ያዙት። ሁለተኛውን ጉዞ ግን እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ገፋ አድርጎ ሠራተኛዋ በዚያው ጎጥ ከምትከትብበት ቀን ጋር ማገጣጠም ይቻላል። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት የሄደችም አለች፤ ከመዝገባችሁ ትወጣለች፣ ከሌላ ቀበሌ የመጣችው ደግሞ ትገባለች። አራስ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት በማትወጣበት አካባቢ ደግሞ ሴት ልጅ 80 ቀን ስለሚጠበቅላት የ6ኛውን ሳምንት ጉዞም ጨምሩ።

ከዚያ የቤተሰብ ማኅደሩን (ጤና ኬላው ለየቤተሰቡ የሚይዘውን መዝገብ) ይዛችሁ ከሠራተኛዋ ጋር ተቀመጡና በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስዱትን ጎጦች ለዩ። ከ25ቱ 10ሩ ሩቅ ቢሆኑና ሞተር ደርሶ መልስ 300 ብር ቢጠይቅ በወር 3,000 ብር ነው። ለሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ዋጋ ስለሚያስወድድ እጥፉን ያዙ፤ ዓመቱ 42,000 ብር ይመጣል።

የሞባይል ካርድ። ከሁሉም የሚረክሰው ወጪ ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚረሳውም እሱ። አዋላጇ እናቲቱ ከጤና ጣቢያ ስትወጣ ካልደወለች ሠራተኛዋ ልደቱን የምትሰማው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ከሚሞቱ ጨቅላዎች ደግሞ አብዛኞቹ የሚሞቱት በዚያው ሳምንት ነው። ለጤና ኬላው ሁለት ሠራተኞችና ለጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል በየወሩ ካርድ መድቡ።

ቦርሳው። ባለ 25 ኪሎው ተንጠልጣይ ሚዛን በ100 ግራም ስለሚዘል ለጨቅላ አይሆንም፤ ባለ 5 ኪሎውን ግዙ። ዲጂታል ቴርሞሜትር ከትርፍ ባትሪ ጋር፣ ትንፋሽ ለመቁጠር ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት፤ በደቂቃ 60 ከሞላ ወይም ካለፈ ፈጣን ነው። መድኃኒት ግን አትግዙ፤ በመንግሥት የአቅርቦት መስመር ይምጣ። ዕቃው በሞዴል 19 (በመንግሥት የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፣ አለዚያ ሠራተኛዋ ስትዛወር አብሮ ይጠፋል።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ? ጤና ኬላ የሂሳብ ሠራተኛ የለውም። የበላዩ ጤና ጣቢያ ግን ቦርድም ሂሳብ ሠራተኛም ስላለው እዚያ አስገቡ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ችግሩ ሞተረኛ ደረሰኝ የለውም፤ ሂሳብ ሠራተኛው አላወራርድም ሲል ሠራተኛዋ ከኪሷ ከፍላ ትቀራለች፣ በሁለተኛው ወርም መሄዷን ትተዋለች። መፍትሔው አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ነው፦ የጎጡ ስም፣ የደርሶ መልስ ዋጋ። ቦርዱ በቃለ ጉባኤ ያጽድቀው፣ በየሦስት ወሩም ይከለሰው። ከዚያ በኋላ የሞተረኛው ፊርማና ስልክ ቁጥር፣ ከጉብኝቱ ቀን ጋር፣ ለማወራረጃ ይበቃል።

በጉብኝት ቁጥር ጉርሻ የመክፈል ሐሳብ ይመጣል፤ እኛ አንደግፈውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያም ክፍያ በዋናነት በውጤት ላይ እንዳይመሠረት ይመክራል። ቁጥር የሚከፈልበት መዝገብ ሳይኬድም ይሞላል። ቁጥጥሩን ከእናቶቹ ጋር አድርጉት፦ በየወሩ አምስት እናቶችን መርጣችሁ «መቼ መጣች? ልጁን መዘነችው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ከልደቱ ቀን ጋር አመሳክሩ።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ በሠራተኛ እጅ ያለ ቅድሚያ ክፍያ መወራረድ አለበት፤ አዲሱ እስኪለቀቅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የክረምቱን 12,000 ብር ጤና ጣቢያው ሂሳብ ውስጥ አታሳድሩት። በዕድሩ የባንክ ደብተር ይቆይና ሐምሌ እንደገባ ገቢ አድርጉት።