የኩዌከር አቅኚ ገበሬዎችን የዘር ሐረግ እንዴት መከታተል ይቻላል

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ከምሥራቁ ጠረፍ ተነሥተው ወደ ምዕራብ እየገፉ ደን የመነጠሩና መሬት ያቀኑ ገበሬዎች አብዛኞቹ ከግብር መዝገብና ከመሬት ውል በቀር የጽሑፍ ዱካ ሳይተዉ አልፈዋል። በወዳጆች ማኅበር ስም የሚታወቁት ኩዌከሮች የተባሉት ክርስቲያኖች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። ደመወዝተኛ ቄስ ስላልነበራቸው የማኅበራቸውን ጉዳይ ሁሉ በጉባኤ ተሰብስበው ይወስኑ፣ የወሰኑትንም በጸሐፊ አማካይነት በቃለ ጉባኤ ያሰፍሩ ነበር። ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት፣ ከአገር አገር መዛወር፣ ጥፋትና ይቅርታ ሁሉ በዚሁ መዝገብ ይገኛል። ስለዚህ እንዲህ ካለ ቤተሰብ የተወለደና የአያቶቹን ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ሌላው ፈላጊ የማያገኘው ሀብት በእጁ ነው ማለት ይቻላል። ሀብቱን ለመጠቀም ከሁሉ አስቀድሞ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ የቤተሰቡን ስም ብቻ ከመከተል ይልቅ ቤተሰቡ አባል የነበረበትን ጉባኤ ይከተሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ፍለጋው እንደ ማንኛውም የዘር ሐረግ ጥናት ከታወቀው ወደማይታወቀው ወደ ኋላ ይሄዳል። በሕይወት ካሉት ዘመዶች ተነሥተው እስከ 1850ው የሕዝብ ቆጠራ ድረስ ትውልዱን አንድ በአንድ ያረጋግጡ። ከ1790 እስከ 1840 የተካሄዱት ቆጠራዎች የአባወራውን ወይም የእማወራዋን ስም ብቻ ሲጽፉ፣ የ1850ው ነጻ የሆነውን ሰው ሁሉ በየስሙ የመዘገበ የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። እዚህ ድረስ ከደረሱ በኋላ ቤተሰቡ ኩዌከር ስለመሆኑ ማስረጃ ይፈልጉ። ኩዌከሮች መሐላን ስለሚከለክሉ በፍርድ ቤትና በኑዛዜ ሰነዶች ላይ «ማለ» በሚለው ፈንታ «አረጋገጠ» የሚል ቃል ይገኛል። ወራትና ዕለታት በስም ሳይሆን በቁጥር ተጽፈው ሲታዩ፣ በጦርነት ዘመን ደግሞ ለውትድርና ባለመሄዱ የተቀጣ ወይም ገንዘብ የከፈለ ሰው ሲገኝ፣ ይህም ጠቋሚ ነው። የጋብቻ ፈቃድ በካውንቲው (በአካባቢው አስተዳደር) መዝገብ ቤት አለመገኘቱም እንዲሁ ነው፤ ኩዌከሮች በራሳቸው ሥርዓት ይጋቡ ስለነበር ከአስተዳደሩ ፈቃድ ሳያወጡ የተጋቡት ብዙ ናቸው።

ቀጥሎ የማኅበሩን አደረጃጀት ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ሰፈር ለአምልኮ የሚሰበሰቡ ቤተሰቦች አነስተኛ ጉባኤ ነበራቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ወይም ብዙዎቹ ተጣምረው ወርኃዊ ጉባኤ ይሆናሉ፤ ወርኃውያኑ በየሦስት ወሩ በሚካሄደው ጉባኤ፣ እነዚያም በዓመታዊው ጉባኤ ሥር ይጠቃለላሉ። ለዘር ሐረግ ፈላጊ ዋናው ወርኃዊው ጉባኤ ነው። አባልነትን የሚሰጠውና የሚያነሣው፣ ጋብቻ የሚፈቅደው፣ የልደትና የሞት መዝገብ የሚይዘው እርሱ ነውና። የወርኃዊው ጉባኤ ስም ግን ቤተሰቡ ያረሰበት ቦታ ነው ብሎ መውሰድ ያሳስታል። በኦሃዮ ወርኃዊ ጉባኤ ከመቋቋሙ በፊት ወደዚያ የሄዱ ቤተሰቦች ብዙዎቹ የተመዘገቡት በደቡብ ምዕራብ ፔንሲልቬንያ በሚገኙት በዌስትላንድና በሬድስቶን ጉባኤዎች ነበር፤ ለአዲሱ አገር የሚቀርቡት እነዚህ ነበሩና። መዝገቡ ዌስትላንድ ቢልም ማሳው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጥናት የጀርባ አጥንት መሸኛው ነው። አንድ ቤተሰብ ሲዛወር ከነበረበት ወርኃዊ ጉባኤ የመሸኛ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ጉባኤውም ሰዎች መድቦ የቤተሰቡን ጠባይ፣ ዕዳ ያለበት መሆን አለመሆኑን፣ ላላገባውም ከሌላ ጋር የጋብቻ ቃል ያለው እንደሆነ ካጣራ በኋላ ለሚሄዱበት ጉባኤ ይጽፍላቸዋል። ተቀባዩ ጉባኤ ደግሞ ወረቀቱ መድረሱን በራሱ ቃለ ጉባኤ ይመዘግባል። በዚህ የተነሣ እያንዳንዱ ጉዞ በሁለት መዝገብ፣ በመነሻውና በመድረሻው፣ ይገኛል። መሸኛው አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስትን ከነልጆቻቸው ስም ይዘረዝራል፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ግን ለብቻው ስለሚወስድ ከወላጆቹ ዝርዝር ሲጠፋ ሞቷል ብሎ መደምደም አይገባም። የመሸኛው ቀንም የጉዞው ቀን አይደለም። ቤተሰቡ መጀመሪያ ሄዶ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ዘር ከዘራ በኋላ ከወራት ወይም ከዓመታት ቆይታ በኋላ ወረቀቱ እንዲላክለት የጠየቀበት ጊዜ ብዙ ነው። ሴቶች የራሳቸው ጉባኤና የራሳቸው ቃለ ጉባኤ ስለነበራቸው ደግሞ የወንዶቹን መዝገብ ብቻ ያነበበ ሰው የታሪኩን ግማሽ አላየም። የእናቶችንና የሴት ልጆችን ዱካ ሌሎች መዛግብት በሚደብቁበት ዘመን ሴቶች በገዛ እጃቸው የጻፉት እንዲህ ያለ መዝገብ መኖሩ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሳይነበብ መታለፍ የለበትም።

የፍልሰቱን ዋና ዋና መንገዶች አስቀድሞ ማወቅ ቀጣዩን ጉባኤ ለመገመት ይረዳል። ዊልያም ፔን በ1682 ፔንሲልቬንያ ከደረሰ በኋላ በዚያ የሰፈሩት ቤተሰቦች ልጆች በ1730ዎቹ ወደ ቨርጂኒያ ሸለቆ ወርደው በሆፕዌል ዙሪያ መሬት ያዙ። ከዚያ በሰሜን ካሮላይና የኬን ክሪክ ወርኃዊ ጉባኤ በ1751፣ የኒው ጋርደን ደግሞ በ1754 ተመሠረቱ። በ1770ዎቹ ከናንቱኬት ደሴት የተነሡ የዓሣ ነባሪ አዳኝ ቤተሰቦች ወደ ኒው ጋርደን መጥተው ገበሬ ሆኑ። በ1787 የወጣው ድንጋጌ ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ግዛት ባርነትን ስለከለከለ፣ ባሪያ ማሳደር በሰፈነበት አገር ልጆቻቸውን ማሳደግ የከበዳቸው የደቡብ ኩዌከሮች ከ1800 ገደማ ጀምሮ በብዛት ወደ ሰሜን ፈለሱ። በደቡብ ካሮላይና የነበረው የቡሽ ሪቨር ጉባኤ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ወደ ኦሃዮ ሄዷል። የማያሚ ወርኃዊ ጉባኤ በኦሃዮ በ1803፣ የዋይትዋተር ወርኃዊ ጉባኤ በኢንዲያና በ1809 ሲቋቋሙ፣ ከደቡብ የመጡት መሸኛዎች ወደ እነዚህ ይጎርፉ ጀመር። ከ1830ዎቹ በኋላ መንገዱ ወደ አዮዋ፣ ቀጥሎም ወደ ካንሳስ ይቀጥላል።

ይህ መሬት ባዶ አልነበረም። ኦሃዮ ለሰፋሪዎች የተከፈተው ሾኒዎች፣ ማያሚዎች፣ ደላዌሮችና ሌሎች ሕዝቦች በ1795 በግሪንቪል ውል አብዛኛውን አገራቸውን እንዲለቁ ከተደረገ በኋላ ነው። ኩዌከሮችም ቢሆኑ ከባርነት ሁልጊዜ ንጹሕ አልነበሩም፤ የፊላዴልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ አባላቱ ባሪያ እንዳያሳድሩ የከለከለው በ1776 ነው። ከዚያ በፊት የኖሩ አያቶች ኑዛዜ ላይ የባሪያዎች ስም ሊገኝ ይችላል፤ የጉባኤ መዛግብትም የነጻነት ወረቀቶችን ይዘዋል። የሰሜን ካሮላይና ሕግ ነጻ ማውጣትን አስቸጋሪ በማድረጉ ዓመታዊው ጉባኤ ከ1808 ጀምሮ ባሪያዎችን በባለአደራዎች ስም ተረክቦ ነጻ ወደሚወጡበት ግዛት ለማሻገር ሞክሯል። እነዚህ ሰነዶች በሌላ መዝገብ ስማቸው እምብዛም ለማይገኝ የጥቁር ቤተሰቦች ትውልድም ውድ ስለሆኑ፣ ያገኟቸውን ስሞች ሁሉ በጥንቃቄ ገልብጠው ይያዙ።

የጋብቻው መዝገብ ከሁሉ ይልቅ ያስደስታል። ተጋቢዎቹ የመጋባት ሐሳባቸውን በተከታታይ ወርኃዊ ጉባኤዎች ፊት ቀርበው ያስታውቃሉ፤ የተመደቡ ሰዎች እንቅፋት አለመኖሩን ካጣሩ በኋላ በአምልኮ ስብሰባ ላይ እርስ በርሳቸው ቃል ይገባባሉ። ከዚያ በተጻፈው ምስክር ወረቀት ላይ በቦታው የተገኘው ሰው ሁሉ ይፈርማል፤ የቅርብ ዘመዶችም ብዙውን ጊዜ በተጋቢዎቹ ስም ሥር፣ በቀኝ በኩል ባለው ዓምድ ይፈርማሉ። ወረቀቱ የተጋቢዎቹን ወላጆች ስምና የመኖሪያ ካውንቲ ከመግለጹም በላይ የዚያን ዕለት የመላውን ሰፈር ዝርዝር ይሰጣል። ፊርማዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይገልብጡ፤ አጎትና አክስት፣ ያገቡ እህቶች ከአዲሱ የባላቸው ስም ጋር፣ ጎረቤቶችም ሁሉ እዚያ አሉ።

በቃለ ጉባኤው ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ሌላው ነገር ከአባልነት መሰረዝ ነው። ከማኅበሩ ውጭ ያገባ፣ በደመወዝተኛ ቄስ ፊት የተጋባ፣ ለጦርነት የተሰለፈ፣ ዕዳውን ያልከፈለ ወይም በመጠጥ የተያዘ ሰው ይመከራል፤ ካልተመለሰም ይሰረዛል። ጀማሪ ፈላጊ እዚህ ሲደርስ ዱካው እንደ ተቆረጠ ያስባል። በእኔ እምነት ግን ከዚህ የተሻለ ፍንጭ ጥቂት ነው፤ የስረዛው ቀን ጋብቻው በምን ጊዜ አካባቢ እንደተፈጸመ ይጠቁማል፣ ክሱ አንዳንዴ የሚስቲቱን ቤተሰብ ይጠቅሳል፣ የጋብቻ ፈቃዱንም በካውንቲው መዝገብ ቤት እንድንፈልግ ይመራናል። የተሰረዘ ሰው በአምልኮ ላይ መገኘት ስለማይከለከል በዚያው ሰፈር ኖሮ በዚያው መቃብር ሊቀበር ይችላል። ብዙዎቹም ከዓመታት በኋላ ጥፋታቸውን በጽሑፍ አምነው ተመልሰዋል፤ ስለዚህ ከስረዛው በኋላ ያሉትን ገጾች ሳያነቡ መዝገቡን አይዝጉ።

ቀን በሚነበብበት ጊዜ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኩዌከሮች የአረማውያን አማልክት ስም አለባቸው በማለት የወራትን የተለመዱ ስሞች ትተው አንደኛ ወር፣ ሁለተኛ ወር እያሉ ይጽፉ ነበር። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ አቆጣጠራቸውን እስከ ለወጡበት እስከ 1752 ድረስ ዓመቱ የሚጀምረው መጋቢት ውስጥ ስለነበር፣ አንደኛው ወር ማርች፣ አሥራ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው። ከ1752 ጀምሮ ግን አንደኛው ወር ጃንዩዋሪ ሆነ። ስለዚህ «በ12ኛው ወር በ10ኛው ቀን 1740/41» የሚል ጽሑፍ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1741 ማለት ነው። በማስታወሻዎ ላይ ሁልጊዜ መጀመሪያ እንደ መዝገቡ ይጻፉ፣ ትርጓሜዎን ከጎኑ ያስቀምጡ፤ ይህን ያላደረጉ ሰዎች ያሰራጯቸው የተሳሳቱ የልደት ቀናት ዛሬም ከአንዱ የዘር ሐረግ ወደ ሌላው እየተገለበጡ ይገኛሉ።

ከ1827 እስከ 1828 ባለው ጊዜ ማኅበሩ ሂክሳይትና ኦርቶዶክስ በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፈለ (ይህ ስም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን አያመለክትም)። በፊላዴልፊያ፣ በኒው ዮርክ፣ በባልቲሞር፣ በኦሃዮና በኢንዲያና አንድ ስም ያላቸው ሁለት ጉባኤዎች፣ ሁለት መዝገቦች ተፈጠሩ፤ አንዱ ወገን ወደ ሌላው የሄደውን አባሉን ይሰርዛል። አንድ ቤተሰብ በእነዚህ ዓመታት በድንገት ከጠፋ ወይም በአንድ ጊዜ ከተሰረዘ፣ የሌላውን ወገን መዝገብ ይመልከቱ።

መዛግብቱ የሚገኙት በዋናነት በአራት ኮሌጆች ነው፤ በፔንሲልቬንያ በስዋርትሞርና በሃቨርፎርድ፣ በሰሜን ካሮላይና በጊልፎርድ፣ በኢንዲያና ደግሞ በኧርልሃም። ብዙዎቹ ምስላቸው ተነሥቶ አንሴስትሪ በተባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ የመረጃ ቋት ውስጥ ይፈለጋሉ። ዊልያም ዌድ ሂንሾ ያዘጋጀውና ከ1936 ጀምሮ በስድስት ቅጾች የታተመው የአሜሪካ ኩዌከሮች የዘር ሐረግ መድበል የሰሜን ካሮላይናን፣ የኦሃዮን፣ የቨርጂኒያንና የሌሎችንም ጉባኤዎች መዝገብ በቤተሰብ ስም አሳጥሮ ያቀርባል። እርሱ ጥሩ መግቢያ ነው፤ ነገር ግን የመዝገቡ ማጠቃለያ እንጂ መዝገቡ ራሱ አይደለም። በአንድ ምሕጻረ ቃል «መሸኛ ተሰጠው» ተብሎ የሚታለፈው ጉዳይ በዋናው ቃለ ጉባኤ ላይ ምክንያቱን፣ የመረመሩትን ሰዎች ስምና የተከራከሩበትን ነገር ይዞ ይገኛል።

የጉባኤው መዝገብ ቤተሰቡን ሲያሳይ፣ መሬቱን የሚያሳየው ሌላ ነው። በ1785 በወጣው ድንጋጌ መሠረት የፌዴራሉ መሬት ስድስት ማይል በስድስት ማይል በሆኑ ክልሎች፣ እነርሱም እያንዳንዳቸው 640 ኤክር (አንድ ኤክር 0.4 ሄክታር ያህል ነው) በሆኑ 36 ክፍሎች ተቀይሰው ይሸጡ ነበር። በ1800ው ሕግ አነስተኛው ግዢ 320 ኤክር፣ ዋጋውም ቢያንስ በኤክር 2 ዶላር ነበር፤ በ1820 ወደ 80 ኤክርና ወደ 1.25 ዶላር ዝቅ ብሏል። የመጀመሪያው ገዢ ሰነድ በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ መረጃ ቋት ያለ ክፍያ ይገኛል። የመንግሥት መሬትን ለሚሰፍርበትና ለሚያርሰው ሰው ከሰጠው ከ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ በኋላ በካንሳስና በመሳሰሉት መሬት የያዙትን ደግሞ በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በሚገኘው ፋይላቸው ይፈልጉ፤ የቤቱ ዓይነት፣ የታረሰው ኤክር፣ የጎረቤት ምስክሮች ቃል እዚያ ተጽፏል። ከ1850 እስከ 1880 ከሕዝብ ቆጠራው ጋር የተካሄደው የእርሻ ቆጠራም የቤተሰቡን ኑሮ ያሳያል፤ ምን ያህል ኤክር እንደቀና፣ ስንት ፈረስና ላም እንደነበራቸው፣ ምን ያህል ስንዴና በቆሎ እንዳመረቱ፣ ቅቤያቸው ስንት ፓውንድ እንደሆነ ይዘረዝራል። የ1850ው ቆጠራ ዓመታዊ ምርታቸው ከ100 ዶላር በታች የሆነውን ስለማይመዘግብ የድሀ ገበሬ ስም እዚያ አለመኖሩ መሬት አልነበረውም ማለት አይደለም።

እነዚህን ሁለት ዓይነት መዝገቦች ማጋጠም የሚጠቅመው በተለይ ስም ሲመሳሰል ነው። በአንድ ወርኃዊ ጉባኤ ውስጥ የአንድ አያት ስም የወረሱ ሦስትና አራት የአጎት ልጆች መገኘታቸው የተለመደ ነበር፤ የመቃብር ድንጋይም ቀደም ባለው ዘመን ስለማይፈቀድ ወይም የስም መጀመሪያ ፊደላት ብቻ ስለሚቀረጹበት አያግዝም። እንዲህ ሲሆን ለእያንዳንዱ ሰው የሚስቱን ስም፣ መሸኛውን ያመጣበትን ጉባኤና የመሬቱን ክፍል ቁጥር በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ከዚያ በሽያጭ ውሎች ላይ ከባል ጋር የምትጠቀሰውን ሚስት ከጉባኤው የልደት መዝገብ እናት ጋር ያስተያዩ። ስሟ፣ ዘመኑና ካውንቲው ከተስማሙ ሰውዬውን ከሞክሼዎቹ ለይተውታል፤ ካልተስማሙ ግን የቀደመው ትውልድ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ወደ መሸኛው ተመልሰው የልጆቹን ዝርዝር እንደገና ይመርምሩ።