የሲስተር ዱካ፦ ከጅማ ተነስቶ የአንዲት ነርስን ሕይወት ለመፈለግ

እማዬ ጅማ ውስጥ ድሬሰር ነበረች። መርፌ መውጋትና ቁስል ማሰር ያስተማረቻት ከሰላም ጓድ (የአሜሪካ መንግሥት በጎ ፈቃደኞችን ከሚልክበት ፒስ ኮር) ጋር የመጣች አሜሪካዊት ነርስ ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ወላጆቿ ከፖላንድ ተሰደው አሜሪካ የገቡ ነበሩ። ቤተሰቦቿ በሕይወት ስላሉ ስሟን እዚህ አልጽፍም። እሷን የፈለግኩበት መንገድ ግን እንዲህ ያለ ሰው ለምትፈልጉ ለእናንተም ይሆናል።

መጀመሪያ ኢንተርኔት አትክፈቱ። የምትፈልጉትን ሰው ፎቶ ይዛችሁ ቡና የሚፈላበት ቤት ሂዱ። «ስሟ ማን ነበር?» ብላችሁም አትጀምሩ፤ ስም ቶሎ ይረሳል። «የት ትኖር ነበር? ልብሷን ማን ያጥብላት ነበር? በዓል ሲመጣ ምን ታደርግ ነበር?» በሉ። ጅማ ኮቺ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ልብሷን ያጥቡላት ነበር። «ደብዳቤ የሚመጣላት ጎሽ ከሚባል ከተማ ነው» አሉኝ። ለካ ሲስተር ተርጉማላቸው ኖሯል። ቡፋሎ ማለት ነው፤ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ያለ፣ ብዙ ፖላንዳውያን የሰፈሩበት ከተማ። እማዬ ደግሞ በፈረንጆች ገና ዋዜማ እንደ ወረቀት የሳሳ ነጭ ቂጣ ቆርሳ እንደሰጠቻት ነገረችኝ። የሲስተር እህት ናት በፖስታ የላከችላት። ኦፕዋቴክ ይባላል። ፖላንዳውያን በዋዜማው እየተካፈሉ ይበሉታል፤ ባሕር ማዶ ላለ ዘመድም በደብዳቤ ውስጥ ይልኩታል።

ከዚያ ቀኑን አስተካክሉ። የሲስተር ፎቶ ጀርባ ላይ «መስከረም 1958» ይላል። እኔ የፈረንጅ ቀን መስሎኝ አንድ ወር ሙሉ በተሳሳተ ዓመት ስፈልግ ከረምኩ። የእኛ አቆጣጠር ስለሆነ 1965 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ደምሩ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው።

ፎቶውን በስልክ ማንሳት አይበቃም። ፎቶ ቤት ወስዳችሁ በ600 ዲፒአይ ስካን አስደርጉት። የሲስተር ፎቶ ከመዳፍ አይበልጥም። ነጭ ቆብ አድርጋለች፤ ቆቡ ላይ ጥቁር ጥብጣብ አለ። ደረቷ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ዓርማ ተሰክታለች። ድሮ አሜሪካ ውስጥ የነርስ ትምህርት ቤቶች የየራሳቸው ቆብና ዓርማ ነበራቸው። ምስሉ ሲጎላ ዓርማው ላይ ሦስት ፊደል ወጣ። ቡፋሎ ከነበሩት ትምህርት ቤቶች ጋር አመሳከርኩና የተማሪዎቹን ዓመታዊ መጽሔት አገኘሁ። እዚያ ውስጥ ቁጭ ብላለች፣ ወጣት ሆና!

የእናንተ ነርስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተማረች ከሆነች ካዴት ነርስ ኮርን ፈልጉ። የአሜሪካ መንግሥት ከ1943 ጀምሮ የነርስነት ተማሪዎችን ከፍሎ ያስተማረበት ፕሮግራም ነው። ከ120 ሺህ በላይ ተመርቀውበታል። የአባልነት ካርዶቻቸው በአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ ስም እንምጣ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። የእኛ ሰው የአባት ስም ይዞ ይፈልጋል። እነሱ ጋ የቤተሰብ ስም ነው፤ ሴት ስታገባ ደግሞ ይቀየራል። በፖላንድኛ የወንዱ ስም በ«ስኪ» ሲያልቅ የሴቷ በ«ስካ» ያልቃል፤ አሜሪካ ሲገቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም «ስኪ» ይሆናሉ። ደብልዩ እንደ «ቭ» ይነበባል። ወገቧ ላይ ጭረት ያላት ኤል ደግሞ እንደ «ው» ናት። ስታኒስዋቫ የተባለች ልጅ አሜሪካ ውስጥ ስቴላ ትባላለች፤ ብሮኒስዋቫ በርኒስ፣ ቭዋዲስዋቭ ዋልተር። ስደተኞች በሚገቡባት በኒውዮርክ ወደቧ ኤሊስ ደሴት ላይ ሹሞች ስማቸውን ቀየሩባቸው የሚባለውን አትመኑ። ሹሞቹ የሚያነቡት መርከቡ ይዞት የመጣውን ዝርዝር ነበር። ስሙን አብዛኛውን ጊዜ የቀየሩት ራሳቸው ናቸው፣ ኋላ ላይ።

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ከ72 ዓመት በኋላ ይከፈታል፤ የ1950ው ከ2022 ጀምሮ ክፍት ነው። ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። መዝገቡ የነርሷን አባት «ሩሲያ ተወለደ» ቢል አትደንግጡ። ፖላንድ ለሩሲያ፣ ለፕሩሲያና ለኦስትሪያ ተከፋፍላ እስከ 1918 ድረስ በካርታ ላይ አልነበረችም። በ1920ው ቆጠራ ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚለውን ዓምድ እዩ። የአባትየውን የዜግነት ማመልከቻም አትለፉት። ከ1906 መጨረሻ ወዲህ ያለው የትውልድ ቦታ ይጠይቃል። እናትየዋን ለብቻዋ ካጣችኋት አትገረሙ፤ እስከ 1922 ድረስ ሚስት ዜግነት የምታገኘው በባሏ በኩል ነበር።

የመንደሩን ስም ካገኛችሁ ጌኔቴካ የሚባለው የፖላንድ ድረ ገጽ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦችን በነፃ ያሳያል። ከ1868 በኋላ በሩሲያ ሥር የነበሩት መዝገቦች በሩሲያኛ የእጅ ጽሑፍ ናቸው። እኔ ለዚህ ብር አላወጣሁም። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ጎረቤታችን መነጽራቸውን አድርገው፣ በጣታቸው እየተከተሉ የሲስተርን አባት ጥምቀት አነበቡልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ጅማ ውስጥ አይጠፋም፤ ጠይቁ።

መጨረሻ ላይ ለቤተሰቡ ጻፉ። ጥያቄ አታብዙ። መጀመሪያ ያላችሁን ስጡ፤ እኔ ፎቶውንና እማዬ የነገረችኝን የቂጣውን ታሪክ ላክሁ። በሁለተኛው ሳምንት የእህቷ ልጅ መልስ ጻፈች፤ ሲስተር ካረፈች ቆይታለች። ከመልሱ ጋር ፎቶ አለ፦ ሳሎን ጥግ የተቀመጠ፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ባለሦስት እግር መቀመጫ። ከየት እንደመጣ ቤት ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ለእማዬ ስልኩን ሰጠኋት። አስጠግታ አየችው፤ አራቀችው፤ እንደገና አስጠጋችው።

«ይሄማ የእኔ ዱካ ነው» አለች። «ስትሄድ የሰጠኋት።»