ሲልቨር ስፕሪንግ ለገባ አዲስ ቤተሰብ፦ ቅዳሜን ለልጆቹ ተዉላቸው

ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባን በሁለተኛው ሳምንት ለትልቁ ልጃችን የክትባት ቀጠሮ ተያዘለት። ያለ ክትባት ወረቀት ትምህርት ቤት አያስገቡትምና ቸኩለናል። ወረቀቱ 3:00 ይላል። እኛም በማለዳ ተነስተን፣ ልጆቹን በጃኬት ላይ ጃኬት ደርበንላቸው፣ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ክሊኒኩ በር ላይ ደረስን። እንግዳ ተቀባይዋ ወረቀቱን አየች፣ እኛን አየች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት አየች። ለካ ቀጠሯችን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ቀድመን መጥተናል።

ባለቤቴ ሳቀች፣ እኔ ተናደድኩ። አውቶቡሱን ገና ስላልለመድነው ቤት ደርሶ መመለሱ አስፈራን። ብርዱን ሸሽተን የገባንበት ትልቅ ሕንፃ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተገኘ። ዌይን እና ፌንተን ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ያለው ነው። ማንም "ምን ፈልጋችሁ ነው?" አላለንም። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተዘርፍጠው የሥዕል መጽሐፍ ሲያገላብጡ ብዙ ሰዓት ቆየን። አሜሪካ ከገባን ወዲህ ሁለቱ አብረው ከልባቸው ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ምክሬም ከዚያ ቀን ይነሳል። ሶሻል ሴኩሪቲው፣ ግሪን ካርዱ፣ መንጃ ፈቃዱ በየጊዜው ይደርሳል። ሐበሻው ሁሉ "መጀመሪያ ሥራ ያዙ፣ መጀመሪያ መኪና ግዙ፣ ልጆቹ ይደርስላቸዋል" ይላችኋል። እኔን እንዲህ ያሉኝ ሰዎች እዚህ ስድስት ሰባት ዓመት የቆዩ ናቸው። ልጆቻቸው ዋሽንግተንን የሚያውቋት በመኪና መስኮት ነው። ሁለት ሺፍት ከጀመራችሁ "ይደርሳል" ያላችሁት አይደርስም። ቅዳሜን ከመጀመሪያው ሳምንት ለዩላቸው፣ ግማሽ ቀንም ቢሆን።

ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የቤተ መጻሕፍቱ ካርድ በነፃ ነው፤ መታወቂያና አድራሻችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይበቃል። ያዘገያችሁት መጽሐፍ ቅጣት የለውም፣ ከጠፋ ግን ትከፍላላችሁ። ራይድ ኦን የሚባለው የሞንጎመሪ ካውንቲ አውቶቡስ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አያስከፍልም። መሃል ዋሽንግተን ያሉት ስሚዝሶንያን የሚባሉት ሙዚየሞች የመግቢያ ክፍያ የላቸውም። እኔ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። በር ላይ ቦርሳ ሲፈትሹ ኪሴን እየዳበስኩ ነበር።

ሜትሮ የሚባለው ባቡር ግን ይከፈልበታል። ቅዳሜና እሁድ የትም ብትሄዱ 2.50 ዶላር ነው፤ በሥራ ቀን እንደ ርቀቱ ይጨምራል። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከከፋይ ጋር ሲሆን በነፃ ይገባል፤ በአንድ ከፋይ እስከ ሁለት ልጅ። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ በቀኝ ትቆማላችሁ፣ ግራው ለሚቸኩል ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ፌርማታ አልፎ ያለው የዊተን ጣቢያ ደረጃ 70 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከልጆቼ ጋር እሱን ብቻ ለመውጣት ሄደን እናውቃለን፣ አልዋሽም።

ባቡር ውስጥ መብላት ክልክል ነው። ይህን የተማርነው በታናሺቱ ነው። ከሐበሻ ሱቅ የገዛንላትን ዳቦ ቆሎ ከፍታ ትቆረጥማለች። ፊት ለፊታችን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፣ ካፖርትና ባርኔጣ አድርገዋል። ወደ እኔ ጠጋ ብለው በዝግታ፣ "የኔ ልጅ፣ እዚህ መብላት አይፈቀድም፣ አስቀምጥላት" አሉኝ። አፍሬ ከረጢቱን ነጥቄ ደበቅኩ። ልጅቷ ልታለቅስ ስትል አባባ ሳቅ አሉና፣ "ስንወርድ ለእኔም እፍኝ ትሰጪኛለሽ" አሏት። ወረድን። መድረኩ ላይ ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉ። እሷም ቆጥራ ሰባት ፍሬ ሰጠቻቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙን እመክራለሁ። በቀዩ የባቡር መስመር ሜትሮ ሴንተር የሚባለው ጣቢያ ትወርዱና ከልጆች ጋር አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ትራመዳላችሁ። ናሽናል ሞል በሚባለው ሰፊ መስክ በኩል ስትገቡ ግዙፍ የአፍሪካ ዝሆን ይቀበላችኋል። ልጆቼ ቁጢጥ ብለው እግሩን ሲለኩ ቆዩ። የሰው ልጅ አመጣጥ የሚታይበት አዳራሽ እዚያው ነው። ልጄ "ሉሲ የእኛ ናት አይደል?" አለኝ። አዎ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ። አጠገባችን ለነበረ ልጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሊያስረዳው ሞከረ። ትምህርት ቤት ገና አፉን አልከፈተም ነበር፤ እዚያ ግን የሚያውቀው ነገር አገኘ። ከዚያ ወዲህ ከሙዚየም ስንወጣ ያዩትን በአማርኛ እንዲያወሩልን እናደርጋለን፣ አለበለዚያ ቋንቋው ሳናስበው ያመልጠናል።

ምሳ ከቤት ያዙ። የሙዚየም ምግብ ኪስ ያራቁታል። እኛ ፍርፍር በሳህን ይዘን፣ መስኩ ላይ ነጠላ ዘርግተን በልተናል። ያየን ሁሉ ፈገግ ብሎ አለፈ። የአየርና የጠፈር ሙዚየሙ ነፃ ቢሆንም ሰዓት የተቆረጠለት ማለፊያ አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ አለበት። የእንስሳት ማቆያውም እንዲሁ ነው። እዚያ በመኪና አትሂዱ፣ ፓርኪንጉ ብቻ 30 ዶላር ነው። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ስትሄዱ ክሊቭላንድ ፓርክ ጣቢያ ውረዱ፣ ስትመለሱ በዉድሊ ፓርክ በኩል ውጡ። በተቃራኒው ያደረገ ሰው ዳገቱን የደከመ ልጅ አዝሎ ይወጣዋል። እኔ ወጥቼዋለሁ።

ብርዱን ስልካችሁ በፋራናይት ነው የሚነግራችሁ። የመጀመሪያ ቀን 40 ሲለኝ በሸሚዝ ወጣሁ። 40 ማለት በእኛ አራት ዲግሪ ገደማ ነው፤ 32 ላይ ውሃ ይረጋል። ለልጆች ካፖርት አዲስ አትግዙ። በዓመቱ ይጠብባቸዋል፣ ከሰልባጅ ሱቅ በርካሽ ጥሩ ታገኛላችሁ።

አሁን ቀልድ የሌለበትን ልንገራችሁ። አገር ቤት ልጅን ለጎረቤት ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ሁሉ ትተን እንወጣ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ አብሮት የሚቆየው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላውና የሚታመን መሆን አለበት። "እንጀራ ገዝቼ መጣሁ" ብላችሁ ልጅ መኪና ውስጥ አትቆልፉ። የሚያልፍ ሰው ለፖሊስ 911 ይደውላል፣ ክፋት ሳይሆን ደንግጦ። ሁለተኛው ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው። ቀይ መብራቱ ሲብለጨለጭ ከኋላውም ከፊቱም ያለ መኪና ይቆማል። መሃል አካፋይ ያለበት መንገድ ላይ ብቻ ነው ከማዶ የሚመጣው የሚያልፈው።

የትምህርት ቤቱን ወረቀት ሳይገባችሁ አትፈርሙ። ካውንቲው ብዙውን ሰነድ በአማርኛም ያዘጋጃል፤ አስተርጓሚም ስትጠይቁ ያቀርባል፣ አታፍሩ። ለገናና ለጥምቀት ልጃችሁን ስታስቀሩ የሃይማኖት በዓል መሆኑን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ላኩ፤ ቀሪ ቢባልም በይቅርታ ይያዛል። እኛ የመጀመሪያውን ገና ዝም ብለን አስቀርተነው ስልክ ተደወለልን።

ከዚያ ደግሞ የልደት ጥሪ ይመጣል። ካርዱ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይላል። ይህም የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ከስምንት እስከ አሥር። አሥር ሲሆን ኬኩ ተነስቷል፣ ሰዉ ጫማውን እያሰረ ነው። የሐበሻ ልደት መስሏችሁ ዘግይታችሁ ከሄዳችሁ ባዶ ጠረጴዛ ትደርሳላችሁ። የተጠራው አንድ ልጅ ከሆነ ታናሹን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። መምጣት አለመምጣታችሁንም መልሱላቸው፣ ይቆጥራሉ። መጀመሪያ ስስት መሰለኝ። አሁን ግን አምስት ዓይነት ወጥ ሠርቶ ሃምሳ ሰው ከመጠበቅ እንደሚሻል ባለቤቴ ትነግረኛለች።

በጋ ሲመጣ የእኛ ሰው ፓርክ ይወጣል። ብዙዎቹ ፓርኮች ሥጋ የሚጠበስበት ብረት አላቸው፣ ከሰል ይዛችሁ መሄድ ነው። ቢራ ግን በአብዛኛው ክልክል ነው፣ ምልክቱን አንብቡ። ዊተን ያለው ትልቁ ፓርክ ለሕፃናት ትንሽ ባቡር አለው፤ ጎኑ ያለው የብሩክሳይድ አትክልት ሥፍራ መግቢያው ነፃ ነው። መጋቢት መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ጃፓኖች በ1912 እ.ኤ.አ. የሰጡት የቼሪ ዛፍ ያብባል። ሰው ይጨናነቃል፣ በጠዋት ሂዱ።

ቅዳሜ ከመውጣታችን በፊት አዲስ አበባ እንደውላለን። በብርዱ ወራት እዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ አመሻሽ አሥር ሰዓት ነው። በፈረንጆች መጋቢት (ማርች) ሁለተኛ እሁድ እዚህ ሰዓቱ ስለሚቀየር ዘጠኝ ይሆናል። እናቴ አሁን የምትጠይቀኝ ስለ ሥራዬ አይደለም። "ዛሬስ ወዴት ናችሁ?" ነው የምትለው፣ ከዚያ ስልኩን ለታናሺቱ ስጣት ትለኛለች።