የቴሌስኮፕን ሌንስ ሳይቧጨሩ ማጽዳት

የቴሌስኮፕ ሌንስ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሚጸዳበት ቀን ነው። አቧራ ለወራት ተቀምጦ ያላደረሰውን ጉዳት፣ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ አንዴ ፈተግ ማድረግ ያደርሰዋል። አቧራ ውስጥ የኳርትዝ፣ ማለትም የጠንካራ አሸዋ፣ ቅንጣት አለ። የኳርትዝ ጥንካሬ በሞስ መለኪያ 7 ሲሆን የሌንስ መስታወት ግን 6 ገደማ ነው። ጨርቁ የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ ከሥሩ ያፈነው አሸዋ መስታወቱን ይፍቀዋል።

ስለዚህ ጨርቅ ከማንሳትዎ በፊት ሌንሱ በእርግጥ መጽዳት እንዳለበት ይለዩ። ባለ 70 ሚሊ ሜትር የፊት ሌንስ ስፋቱ 3,850 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያክሉ 100 የአቧራ ቅንጣቶች ቢያርፉበት የሚሸፍኑት 20 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም 0.5 በመቶ ብቻ ነው። ዓይን ይህን አይለየውም። የእጅ ባትሪ አብርተውም አይመርምሩት፤ በባትሪ ብርሃን አዲስ ሌንስም ያስደነግጣል።

ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ነጸብራቅ ቆሻሻ አይደለም። ማግኒዥየም ፍሎራይድን የመሰለ ቁስ በስሱ የተቀባበት ሽፋን ነው፤ ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አንድ አሥር ሺኛ ገደማ ነው። ሽፋን የሌለው መስታወት በአንድ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን መልሶ ሲያባክን፣ ይህ ሽፋን ብክነቱን ወደ 1.5 በመቶ ያወርደዋል። «ቀለሙ አልለቅ አለኝ» እያለ የሚፈትግ ሰው የሚፍቀው ይህንኑ ነው።

ማጽዳት የሚያስፈልገው የጣት አሻራ፣ ቅባት ወይም የጢስ ልባስ ሲኖር ነው። አሻራ ቶሎ ይነሳ፤ ላቡና ቅባቱ ውሎ ሲያድር ሽፋኑን ይበላዋል። ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ክዳኑን ከፍቶ የሚውል ቴሌስኮፕ ሙጫማ ስስ ልባስ ይይዛል፤ ይህ ሲነፉት አይለቅም። ምልክቱ ጥርት ባለ ሰማይ ጨረቃን ወይም ጁፒተርን ሲያዩ በዙሪያዋ የሚከብ ጭጋግ ነው።

በሚያዩት ምስል ውስጥ ጥርት ያለ ጥቁር ነጥብ ከታየዎት ደግሞ የፊት ሌንሱን ይተዉት። እዚያ ያለ ቅንጣት ከትኩረት ውጭ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። ዓይንዎን የሚያስጠጉበትን ትንሹን ሌንስ፣ አይፒሱን፣ በቦታው ያዙሩት። ነጥቡ አብሮ ከዞረ ቆሻሻው አይፒሱ ላይ ነው። ዓይንዎ ሲንቀሳቀስ እየተንሳፈፈ የሚከተል ከሆነ ግን ያለው ከራስዎ ዓይን ውስጥ ነው።

ምን ያስፈልጋል

የጎማ መንፊያ ቀዳሚው ነው። የካሜራ መንፊያ ካጡ ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ጎማ ይሠራል፤ መጀመሪያ ግን አየር ላይ አሥር ጊዜ ያህል ይጭመቁት፣ ውስጡ ዱቄት ሊኖር ይችላል። በአፍ መንፋት ምራቅ ይረጫል። በቆርቆሮ የታሸገ አየርም ጣሳው ካዘነበለ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ተፍቶ ሽፋኑ ላይ እድፍ ይተዋል።

ከዚህ ሌላ ለሌንስ ብቻ የተለየ ለስላሳ ብሩሽ፣ ምንም ያልተጨመረበት የፋርማሲ ጥጥ ወይም የሌንስ ወረቀት፣ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ያዘጋጁ። ሶፍት አይሆንም፤ ክሩ ሻካራ ነው፣ አንዳንዱም ቅባት አለው። አረቄም አይሆንም። የእጅ ሳኒታይዘርም ብዙውን ጊዜ ግሊሰሪን ስላለበት ይለጠፋል። አሴቶን የሌንሱን የፕላስቲክ መያዣና ቀለሙን ያሟሟል። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ማዕድን ስላለው ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ዲስቲልድ ውሃ ለመኪና ባትሪ ከሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል፤ ሲገዙ ግን አሲድ እንዳይሰጡዎት «የሚጨመረውን ንጹሕ ውሃ» ብለው ይጠይቁ፣ ጽሑፉንም ያንብቡ።

50 ሚሊ ሊትር አልኮል ከ50 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ጋር ይቀላቅሉ፤ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩበት። ሁለት ጠብታ ካደረጉት መስመር መስመር ይተውብዎታል።

አጸዳዱ

መስኮት ይዝጉ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ። ቱቦውን በጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፈው ያጋድሙት፤ የፊት ሌንሱ ትንሽ ወደ መሬት ያዘንብል፣ የሚነፋው አቧራ ወርዶ እንዲረግፍ። ፀሐይ ላይ ግን በጭራሽ አያድርጉት። ሌንስ ወደ ፀሐይ ከዞረ ጨረሩን ሰብስቦ ከኋላው ያለውን ያቃጥላል፣ ዓይንንም ያሳውራል።

መጀመሪያ ከጫፍ ወደ ጫፍ እየሄዱ 20 ወይም 30 ጊዜ ይንፉ። ቀጥሎ ብሩሹን በራሱ ክብደት ብቻ ያንሸራትቱት፤ አንድ መስመር በጠረጉ ቁጥር ብሩሹን ይንፉት፣ ያነሳውን አሸዋ ተመልሶ እንዳይጎትት። ብዙ ጊዜ ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል፤ ክዳኑን መልሰው ይዝጉ።

አሻራ ወይም ልባስ ከቀረ ወደ እርጥቡ ይለፉ። ፈሳሹን ሌንሱ ላይ አያፍስሱ፣ አይርጩም። በጠርዙ ሰርጎ የፊት ሌንሱ በተሠራባቸው ሁለት መስታወቶች መካከል ከገባ ቱቦው ሳይፈታ አይወጣም። ጥጡን ነክረው እስከማይንጠባጠብ ድረስ ይጭመቁት። ከመሃል ጀምረው ወደ ጠርዝ፣ ምንም ሳይጫኑ፣ አንዴ ይሳቡት፤ እየሳቡም ጥጡን በጣትዎ ያንከባልሉት፣ ቆሻሻ ያነሳው ፊቱ ወደ ላይ እየዞረ ከመስታወቱ እንዲርቅ። ያንን ጥጥ ይጣሉት፣ አዲስ ይያዙ። ለባለ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ10 እስከ 15 ጥጥ ማለቁ ጤነኛ ነው። በአንድ ጥጥ ክብ እየሠሩ መፈተግ ክብ ጭረት ያወጣል። በመጨረሻ በንጹሕ አልኮል ብቻ የረጠበ ጥጥ አንድ ዙር ይለፉበት፤ የቀረውን የሳሙና ልባስ ይወስዳል።

ዥንጉርጉር ቢቀር ፈሳሹ በዝቷል ወይም ጥጡ ደጋግሞ ሠርቷል ማለት ነው። ጠንክረው አይጫኑ፤ የአልኮሉን ዙር በአዲስ ጥጥ ይድገሙት። ጠርዝ ላይ የቀረች ስስ መስመር ምስሉን አትጎዳም፤ ይተዉአት።

አይፒስ ላይ የዓይን ቆብ ቅባትና ኩል ስለሚነካው ቶሎ ቶሎ ይቆሽሻል። አሠራሩ ያው ነው፤ ጥጡ ግን በእንጨት የተጠቀለለ የጆሮ ማጽጃ ይሁን፣ ጫፉም ይርጠብ እንጂ አይንጠባጠብ።

የፊት ሌንሱን ከመያዣው አይፍቱ። ሁለቱ መስታወቶች ተጣምረው የተሠሩ ናቸው፤ በአንዳንዱ መካከል በሦስት ቦታ ስስ ማራራቂያ አለ። አንዱ ቢገለበጥ ወይም ማራራቂያው ቢወድቅ ምስሉ አይጠራም። ሲነቀንቁት በጥቂቱ የሚንኳኳ ሌንስም ልቅ ነው ብለው ቀለበቱን አያጥብቁ። ሆን ተብሎ የተተወለት ክፍተት ነው፤ ሲጠብቅ መስታወቱ ይጨመቅና ኮከብ ሦስት ማዕዘን መስሎ ይታያል። ኒውቶኒያን ቴሌስኮፕ (በፊት ሌንስ ፈንታ በሚያንጸባርቅ መስታወት ብርሃን የሚሰበስብ) ያለዎት ይህን አሠራር በሚያንጸባርቀው መስታወት ላይ አይሞክሩ፤ አልሙኒየሙ የተቀባው ከፊት ስለሆነ በጥጥ መጥረግ ሊቧጭረው ይችላል።

ጤዛና ክረምት

ጤዛ የጣለበትን ሌንስ አይጥረጉ፤ አቧራው ከውሃው ጋር ጭቃ ሆኗል። ከሌንሱ ፊት ከ10 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ኮፍያ ከጥቁር የስፖርት ምንጣፍ ቆርጠው ቢጠቀልሉለት ጤዛው ይዘገያል። ከብርድ ወደ ቤት ሲገቡ ክዳኑን እንደዘጉ ያስገቡትና ሙቀቱ እስኪስተካከል አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይተዉት፤ ከዚያ ክዳኑን ከፍተው እርጥበቱ በራሱ ይድረቅ። እርጥብ ሌንስ በቦርሳ ውስጥ መዝጋት ሻጋታ ማርባት ነው።

ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል፤ የሚያመነጨው አሲድ ሽፋኑን ይበላል። ከፊት ገጽ ላይ በአልኮል ይነሳል፣ የበላው ግን አይመለስም። ከሁለቱ መስታወቶች መካከል ከሆነ ባለሙያ ይየው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቴሌስኮፑን ግድግዳ ሥር ወይም ወለል ላይ አያስቀምጡ፤ ክዳኑ በሚገጥም ሳጥን እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ያኑሩት። ብርቱካናማው ጄል አረንጓዴ ሲሆን እርጥበት ጠግቧል። ከከረጢቱ አውጥተው በትሪ ዘርግተው የመጋገሪያ ምድጃ ውስጥ በ120 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ያህል ያድርቁት፤ ቀለሙ ከተመለሰና ከቀዘቀዘ መልሰው ይከቱታል።