ለመጋዘናችሁ የትዕዛዝ መደልደያ እንዴት እንደሚመረጥ

መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ አንድ ዙር የሚሄድ ከሆነ፣ ቀኑ የሚያልቀው በእግር ጉዞ ነው። የ40 ትዕዛዝ ዕቃ በአንድ ጋሪ ሰብስቦ ቢመጣ ጉዞው ይቀንሳል፤ በምትኩ የተደባለቀውን ዕቃ ለየትዕዛዙ መልሶ መደልደል ግድ ይሆናል። ይህን ሥራ በእጅ፣ በመብራት፣ በቀበቶ ወይስ በሮቦት እናሠራው የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው የራሳችሁ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሻጭ ከመጥራታችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ጨርሱ።

1. ከባዱን ሰዓት ቁጠሩ

የ12 ወር የትዕዛዝ መዝገብ ወደ ኤክሴል አውጡና በየሰዓቱ ስንት ዕቃ እንደወጣ ደምሩ። የቀን አማካይ ያሳስታል። አዲስ አበባ ላለ መጋዘን ፈተናው ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ያሉት ቀናት ናቸው፤ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላለው ደግሞ የኖቬምበር መጨረሻው የቅናሽ ሰሞን።

ምሳሌ እንውሰድ። በተለመደ ቀን 1,200 ትዕዛዝ፣ በእያንዳንዱ በአማካይ 2.5 ዕቃ አለ እንበል፤ 3,000 ዕቃ ማለት ነው። ከዚህ 15 በመቶው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወጣ ከሆነ 450 ዕቃ ይሆናል። በበዓል ሰሞን እጥፍ ሲሆን በሰዓት 900።

አሁን አንድ ዕቃ ብቻ ያለባቸውን ትዕዛዞች ለዩ። እነዚህ መደልደል አያስፈልጋቸውም፤ ከጋሪው በቀጥታ ወደ ማሸጊያ ጠረጴዛ ይሄዳሉ። በምሳሌያችን 500 ትዕዛዝ እንዲህ ያለ ከሆነ፣ የሚደለደለው 2,500 ዕቃ፣ በከባዱ ሰዓት ደግሞ 750 ብቻ ነው። ብዙ መጋዘኖች ይህን ሳይለዩ ይቀሩና ከሚያስፈልጋቸው በላይ ትልቅ መሣሪያ ይገዛሉ። የትኛውም መሣሪያ የዚህን ያህል ሥራ በነፃ አያቃልልም።

2. ዕቃውን መሬት ላይ ዘርጉ

በብዛት ከሚሸጡት 100 የዕቃ ዓይነቶች አንዳንድ ናሙና አውጡ፤ ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታና ክብደት መዝግቡ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ታቹ ጠፍጣፋ ነው? ይንከባለላል? ከግማሽ ሜትር ቢወድቅ ይሰበራል? የማር ብርጭቆ፣ በስስ ላስቲክ የታሸገ በርበሬ፣ በፌስታል የተጠቀለለ የሀገር ባህል ቀሚስና የጫማ ካርቶን በአንድ ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም።

3. ባርኮዱን ፈትኑ

የመደልደያ መሣሪያ ሁሉ ዓይኑ ባርኮድ ነው። ሱቅ ዕቃ ላይ የሚታየው ባለ 13 አኃዙ ባርኮድ (ኢኤኤን 13) በመደበኛ መጠኑ ነጩን ዳር ጨምሮ 37.29 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ከዚህ 80 በመቶ በታች መጥበብ የለበትም። ለማሳመር ሲባል እንዲያንስ የተደረገ፣ በሚያብረቀርቅ ወይም በተጨማደደ ላስቲክ ላይ የታተመ፣ ነጩ ዳሩ የተቆረጠ ባርኮድን ስካነር ይስተዋል።

500 ዕቃ በዘፈቀደ ወስዳችሁ በመጀመሪያ ሙከራ ያልተነበበውን ቁጠሩ። 10 ዕቃ ካልተነበበ 2 በመቶ ነው። በሰዓት 750 ዕቃ ላይ ይህ 15 ዕቃ ስለሆነ በእጅ ይስተካከላል። በሰዓት 12,000 በሚያወጣ ማሽን ላይ ግን 240 ዕቃ ይሆናል፤ ለዚያ ብቻ ሰው መመደብ አለበት። ችግሩ ከበዛ ዕቃው መጋዘን ሲገባ የራሳችሁን የኮድ 128 (ፊደልም ቁጥርም የሚይዝ የባርኮድ ዓይነት) ተለጣፊ ለጥፉ። ያለ ቀለም ሪባን በሙቀት ብቻ የሚታተም ተለጣፊ ፀሐይና ሙቀት ያደበዝዘዋል፤ ወራት ለሚቆይ ዕቃ በሪባን የሚያትም ፕሪንተር ተጠቀሙ።

4. በመደርደሪያው ጀምሩ

በሰዓት ከ1,000 ዕቃ በታች ለሚደለድል መጋዘን፣ በተለይ የሰው ጉልበት ከማሽን በሚረክስበት አገር፣ ከፊትና ከኋላ ክፍት የሆነ ባለ ሳጥን መደርደሪያ ከሁሉ ይሻላል። ይህን የምንለው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዛሬ ተሠርቶ ነገ ሊቀየር የሚችል፣ የመጋዘኑንም ስህተት ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያ እሱ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። 5 ረድፍና 8 ዓምድ፣ በድምሩ 40 ሳጥን፤ የእያንዳንዱ ስፋት 40፣ ከፍታ 28፣ ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር። የታችኛው ረድፍ ከወለል 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጀምር፤ እንዲህ ሲሆን የላይኛው ሳጥን ወለል 152 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል፣ አጭር ሰውም ይደርስበታል። በፊት በኩል አንዱ ይደለድላል፣ በኋላ በኩል ሌላው ያሽጋል። በብረት ወይም በኤምዲኤፍ የአካባቢ ወርክሾፕ ይሠራዋል።

አንድ ሳጥን አንድ ትዕዛዝ ነው። ሠራተኛው ዕቃውን ስካን ያደርጋል፣ ስክሪኑ «17» ይላል፣ ሳጥን 17 ውስጥ ያስገባል፣ የሳጥኑን ባርኮድ ስካን ያደርጋል። ሁለተኛው ስካን እንዳይዘለል፤ በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት ዕቃን ጎረቤት ሳጥን ውስጥ መክተት ነው፣ የሚይዘውም ያ ስካን ብቻ ነው። መብራት ሲጨመር ትክክለኛው ሳጥን ራሱ ያበራል፤ ሠራተኛው ቁጥር ከመፈለግ ይድናል። መብራቱን ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ወር በቁጥርና በስካነር ሥሩና ፍጥነቱን ለኩ።

ለዕቅድ በአንድ ሰው በሰዓት 250 ዕቃ ያዙ። 750 ለ250 ሲካፈል 3 ሰው። ነጠላ ዕቃዎቹን ባንለይ ኖሮ 900 ለ250፣ ማለትም 4 ሰው ያስፈልግ ነበር። ነጠላዎቹ ሲወጡ የቀሩት 700 ትዕዛዞች 2,500 ዕቃ ስላላቸው፣ 40 ሳጥን 143 ያህል ዕቃ ይይዛል፤ አንድ ሰው በ34 ደቂቃ ያህል ይሞላዋል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ምንድን ነው? አንድ ዕቃ ሳይገኝ ከቀረ ትዕዛዙ ሳይሞላ ሳጥኑን ይዞ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ 10 ሳጥን ካለ የመደርደሪያው ሩብ ሞተ ማለት ነው። ደንብ አውጡ፦ ዙሩ ካለቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ ያልሞላ ትዕዛዝ በካርቶን ተደርጎ ወደ ጎዶሎ መደርደሪያ ይዛወር፣ አንድ ሰውም የጎደለውን ይከታተል።

5. ማሽን የሚያስፈልግ ከሆነ በዕቃው ባሕርይ ምረጡ

ገፊ ክንድ ወይም ከሮለር መካከል ብቅ የሚሉ ጎማዎች ያሉት ኮንቬየር ካርቶንን በመስመር ለመለየት ይበቃል። የፍጥነቱ ሂሳብ ቀላል ነው፤ ቀበቶው በሰከንድ 0.5 ሜትር ቢሄድ፣ ካርቶኑ 40 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከል ያለው ክፍተት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 3,000 ካርቶን ያልፋል። ስላይዲንግ ሹ የሚባለው፣ ተንሸራታች ገፊዎች ካርቶኑን ወደ ጎን የሚያወጡበት፣ ከዚህ እጅግ ይፈጥናል፤ ግን ታቹ ጠፍጣፋና ጠንካራ ካርቶን ይፈልጋል። ፌስታልና ለስላሳ ከረጢት አይስማማውም።

ክሮስ ቤልት በሚባለው ማሽን እያንዳንዱ ዕቃ ተሸካሚ የራሱ ትንሽ ቀበቶ አለው፤ ከረጢትንም ልብስንም ቁጥጥር ባለው መንገድ ወደ ጎን ያወርዳል። ቲልት ትሬይ ሳህኑን አዘንብሎ ይጥላል፣ ብርጭቆ ላለበት መጋዘን አንመክረውም።

ሻጩ የሚነግራችሁ ቁጥር የተሸካሚ ቁጥር ነው። በሰከንድ 2 ሜትር የሚሄድ፣ በየ0.6 ሜትሩ አንድ ተሸካሚ ያለው ማሽን በሰዓት 12,000 ተሸካሚ ያሳልፋል። ዕቃ በእጅ የሚጭን አንድ ሰው በሰዓት 1,200 ያህል ቢጭን፣ 4 ጫኞች 4,800 ብቻ ይጭናሉ። ከግማሽ በላዩ ማሽን ባዶውን ይዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ ስንት የመጫኛ ቦታ እንዳለው ጠይቁ። ቀጥሎም ዕቃው ከማሽኑ የሚወርድበት መውረጃ ሲሞላ ምን እንደሚሆን፤ ዳሳሽ ከሌለው ዕቃ ይቆለላል፣ ካለው ዕቃው እንደገና ይዞራል። ሦስቴ የዞረ ዕቃ ወደ ልዩ መውረጃ እንዲወጣ አስደርጉ።

ዕቃ ተሸክመው ወደየመውረጃው የሚሄዱ ሮቦቶች ለሚያድግ መጋዘን ይመቻሉ። አንዱ ሮቦት ደርሶ መልስ 60 ሰከንድ ከወሰደበት በሰዓት 60 ዕቃ ያደርሳል፤ ለ750 ዕቃ 13 ሮቦት፣ ለቻርጅና ለጥገና 3 መጠባበቂያ። ወለሉ ግን የተስተካከለና ስንጥቅ የሌለው መሆን አለበት።

6. መብራትና ኔትዎርክ

ያገለገለ ማሽን ከአሜሪካ የምታስመጡ ከሆነ ይህን ልብ በሉ። እዚያ ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 50። በቀጥታ የተገናኘ ሞተር 5/6 በሆነ ፍጥነት ይዞራል፤ በሰከንድ 2 ሜትር የነበረው 1.67 ይሆናል፣ 12,000ው ወደ 10,000 ይወርዳል። ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ) ካለው ይስተካከላል። የ120 ቮልት መቆጣጠሪያ ሰርኪዩቱም ትራንስፎርመር ይሻል።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳ ማሽኑ መቆሙ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው መቆጣጠሪያው እያንዳንዱ ዕቃ የት እንደነበር መርሳቱ ነው፤ ያን ጊዜ ቀበቶው ላይ ያለው ሁሉ ወርዶ እንደገና ስካን ይደረጋል። ለሞተሮቹ ባይሆን እንኳ ለመቆጣጠሪያውና ለስካነሮቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) አስገቡ።

ከስካነሩ እስከ መጀመሪያው መውረጃ 3 ሜትር ከሆነ፣ በሰከንድ 2 ሜትር ላይ ሶፍትዌሩ መልስ ለመስጠት 1.5 ሰከንድ ብቻ አለው። መልሱ ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር የሚመጣ ከሆነ ኢንተርኔት በተንገዳገደ ቁጥር ዕቃው መውረጃውን ይስታል። የትዕዛዙ ዝርዝር አስቀድሞ ወርዶ መጋዘኑ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ።

7. ከመፈረም በፊት

ሻጩ ማሳያ ላይ የሚያሳልፈው ንጹሕ ካርቶን ነው። እናንተ በደረጃ 2 የዘረጋችሁትን፣ የተጨማደደውንና የሚንከባለለውን ጨምሮ ውሰዱ። በሙሉ ፍጥነት ለ2 ሰዓት አሠሩትና ያልተነበበውን፣ የተሳሳተ ቦታ የወረደውን፣ የተሰበረውን ቁጠሩ። የተስማማችሁበት ገደብ ውል ውስጥ በቁጥር ይግባ፣ የመጨረሻው ክፍያም በእናንተው መጋዘን ውስጥ ይኸው ሙከራ ሲያልፍ ብቻ ይከፈል።

የመለዋወጫው ዝርዝር ከማሽኑ ጋር አብሮ ይምጣ፦ ቀበቶና መቀጠያው፣ ፎቶ ሴንሰር፣ ጎማ፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ሞተርና አንድ ኢንቨርተር። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ገመዱ በመስመሩ ርዝመት ሁሉ መድረሱንም ራሳችሁ እየጎተታችሁ አረጋግጡ። ነጠላ፣ ሻርፕና የተለቀቀ ጸጉር ሮለር አጠገብ ፈጽሞ አይፈቀድ።