የትዳር ጓደኛ ለፍቺ አልተባበር ሲል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«እሱ ካልፈረመ ምን ማድረግ እችላለሁ?» እያለች ዓመታት የምትቆጥር ሚስትም ሆነች «አልፈታህም ብላኛለች» እያለ የሚብሰለሰል ባል፣ ከሁሉ በፊት የሚሳሳቱት ፍቺ የግድ የሁለቱን ፈቃድ የሚጠይቅ መስሏቸው ነው። በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በስምምነት ከሚፈጸም ፍቺ ሌላ አንደኛው ወገን ብቻውን አቤቱታ አቅርቦ የሚፋታበትን መንገድም ደንግጓል። አማራና ኦሮሚያን የመሳሰሉ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው፣ በዚያ የሚኖር ሰው የክልሉን ሕግ መመልከት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ስህተት ተለያይቶ መኖርን ወይም በሽማግሌዎች ፊት የተፈረመን ወረቀት እንደ ፍቺ መቁጠር ነው። ሽማግሌዎች ማስታረቅ ይችላሉ፤ ጋብቻው በፍቺ መፍረሱን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ ሌላ ትዳር የመሠረተ ሰው ኋላ ላይ ከንብረትም ከወንጀልም ክስ ጋር ሊፋጠጥ ይችላል።

ብዙ መዝገብ የሚበላሸው በመጥሪያ ላይ ነውና እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። አረብ አገር የሚሠራውን ባሏን በየሳምንቱ በኢሞ የምታዋራ አንዲት ሚስት፣ ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅላት ስትል «አድራሻው አይታወቅም» ብላ በጋዜጣ እንዲጠራ ታደርጋለች እንበል። ባልየው ባለመቅረቡ ነገሩ በሌለበት ታይቶ ይወሰናል፤ እሷም እፎይ ትላለች። ይሁን እንጂ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ውሳኔውን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ መጥሪያ በአግባቡ እንዳልደረሰው አስረድቶ ፍርዱ እንዲነሣለት መጠየቅ ስለሚችል፣ ያተረፈችው መስሏት የነበረው ጊዜ በእጥፍ ይመለስባታል። የሚታወቀውን የመኖሪያ ወይም የሥራ ቦታ በትክክል ጽፎ መጥሪያው መድረሱን የሚያሳይ ማረጋገጫ በመዝገቡ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። መጥሪያው በአግባቡ ደርሶት ሳይቀርብ የቀረ ተከሳሽ ጉዳዩን አያስቆመውም፤ ፍርድ ቤቱ በሌለበት ማየቱን ይቀጥላል። በአንጻሩ ከሳሿ ራሷ «እሱ አይመጣም» ብላ ከቀጠሮ ብትቀር መዝገቧ ሊዘጋባት ይችላል።

አቤቱታውን የስድብ መዝገብ ማድረግም የተለመደ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን የፍቺ ምክንያት ከባድ መሆን አለመሆኑ ብዙ ይወስን ነበር፤ ዛሬ ግን ጥፋት ያላስረዳ ሰው ፍቺ አይከለከልም። ሦስት ገጽ ሙሉ የአማት ነገር የሚተርክ አቤቱታ ዳኛውን ያሰለቻል እንጂ ነገሩን አያፋጥንም። ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ግን ከነማስረጃው መጻፍ አለበት። ዳኛው ባልና ሚስቱን ለማግባባት መሞከሩና ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ መስጠቱም ሕጉ ያስቀመጠው ሥርዓት ስለሆነ፣ አቤቱታዬ ተናቀ ብሎ መቆጣት አይገባም።

የልጆች ቀለብና አያያዝ የፍቺው ውሳኔ እስኪሰጥ መጠበቅ አለበት ብሎ ማሰብም ትክክል አይደለም፤ ጊዜያዊ ትእዛዝ አቤቱታው እንደቀረበ ሊጠየቅ ይችላል።

በንብረት በኩል ሰዎችን የሚጎዳቸው ዝምታ ነው። በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ «ቤቱ በስሙ ነው» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ተገቢ አይደለም፤ ካርታውን፣ የመኪናውን ሊብሬና የባንክ ደብተሩን ኮፒ አድርጎ፣ ሽያጭ የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ እግድ ከአቤቱታው ጋር መጠየቅ ያስፈልጋል። ያለ ሌላኛው ስምምነት የተሸጠ የጋራ ቤት ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ ቢቻልም፣ ጥያቄው ሽያጩ በታወቀ በ6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ሽያጩ በተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ተቀባይነት አያገኝም።